ከ«ሰይጣን ቤት» እስከ ጠፈር መርከብ

ጅማ ዛሬ ያላትን መልክ ከመያዟ በፊት ሄርማታ ገበያ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጎማና ከጌራ የመጣ ሰው ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱንና አሞሌውን፣ የዘመኑ ነውር ሆኖም ባሪያውን ይዞ እዚያ ሜዳ ላይ ይገናኝ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከፍ ብሎ ጅሬን ላይ፣ ገበያው ዝቅ ብሎ ሄርማታ ላይ። እስልምናም ወደ ጊቤ አገሮች በአብዛኛው የገባው በዚሁ በነጋዴ መንገድ ነው። የጅማው ንጉሥ ሁለተኛው አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ ዙፋናቸውንና ሃይማኖታቸውን ይዘው ቆዩ፤ ከሰሜን የመጣው ክርስቲያን ነጋዴ ደግሞ ገበያቸው ውስጥ ድንኳኑን ተከለ። እምነቱ የተለያየ ሰው አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መነገድና መሟገት ለሄርማታ አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ የምተርከው ሙግት ግን ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በቴሌቪዥን መስኮት ስለሚታይ ድራማ ነው፣ በተለይም ስለ ጠፈር ድራማ። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ገደማ፣ መጀመሪያም ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ለሕዝብ መታየት ሲጀምር ነው ጣጣው የመጣው። በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ፊልም የሚያሳየውን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። ስሙን ያወጣለት ሳንሱር ሹም ወይም ሲኖዶስ አይደለም፣ መንገደኛው ነው። ሥጋ የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ፣ ባቡር ሲመጣ፣ መብራት ሲበራ የሚጠፋ ሠራዊት ሲሰለፍ ያየ ሰው ሌላ ምን ሊለው ይችላል? ያኔ የሚያከራክረው ታሪኩ አልነበረም። የሚያከራክረው መግባት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነበር። ተመልካች ለሁለት የተከፈለው ገና በሩ ላይ ነው።

ጣሊያን ሲመጣ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ አገዛዝ መቀመጫ አደረጋት። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከሄርማታ አጠገብ መንገድ ቀየሰ፣ ፖስታ ቤት ሠራ፣ ማዘጋጃ ሠራ፣ ሲኒማ ቤትም ሠራ። ሲኒማው ጠላት ሲወጣ አብሮ አልወጣም። የጅማ ሰው ፊልምን የተዋወቀው በዚህ ዓይነት ቤት ነው፤ «የሰይጣን ቤት» የሚለውም ስም ቀስ በቀስ ለቀልድ ቀረ።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ ሥርጭቱን ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚታየውም አዲስ አበባና አካባቢዋ ብቻ። ሄርማታ ገና የሬዲዮ አገር ነበረች። ከየካቲት 1955 ጀምሮ ሉተራኖች ያቋቋሙት «የወንጌል ድምፅ» ሬዲዮ ከአዲስ አበባ እየተላለፈ ስለነበር ሃይማኖት በአየር ሞገድ መምጣቱን ሰው ለምዶታል። ስብከቱን የማይፈልግ ዜናውን ይሰማል፣ ዜናው ሲያልቅ ይዘጋዋል። ይቺ የመዝጋት መብት ቀላል አይደለችም፤ ድራማ ውስጥ ግን አትሠራም። ሃይማኖቱ ከታሪኩ ጋር ተገምዶ ስለሚመጣ አንዱን ዘግቶ ሌላውን ማየት አይቻልም።

በዚያው ሰሞን፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1958፣ አሜሪካ ውስጥ በጠፈር መርከብ ላይ የሚካሄደው ድራማ «ስታር ትሬክ» ተጀመረ። ፈጣሪው ጂን ሮደንቤሪ ከተደራጀ ሃይማኖት የራቀ ሰው ነበር፤ የሰው ልጅ ወደፊት ረሀብን፣ ዘረኝነትንና ጦርነትን አሸንፎ በምክንያት ብቻ የሚኖርበትን ዓለም ነው የሳለው። የሚገርመው ከተከታታዩ ተመልካቾች አንዱ ሰባኪ መሆኑ ነው። ኡሁራ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ሆና የምትሠራው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ሥራውን ልትተው ቆርጣ ነበር። ኋላ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ አንድ ዝግጅት ላይ አድናቂሽ ነኝ ብሎ የቀረባት ሰው ማርቲን ሉተር ኪንግ ሆኖ ተገኘ። ልጆቻችን አምሽተው እንዲያዩ የምንፈቅድላቸው ይህን ብቻ ነው፣ እንዳትተዪው አላት። ቆየች። መጋቢው ኪንግ መርከቡ ላይ ጸሎት ቤት አለ ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ ያየው አንዲት ጥቁር ሴት በክብር ተቀምጣ መሥራቷን ነው።

ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 11 ቀን 1960፣ የሃይማኖቱ ነገር በግልጽ ወጣ። በዚያ ዕለት በተላለፈው ክፍል መርከቢቱ በጠፈር ውስጥ ግዙፍ እጅ ይይዛታል። የእጁ ባለቤት ግሪኮች ያመልኩት የነበረው አፖሎ ነው፤ እንደ ድሮው ስገዱልኝ፣ መሥዋዕት አቅርቡልኝ ይላል። ካፒቴን ከርክ የሰው ልጅ አማልክት አያስፈልጉትም ብሎ ይመልስለታል፤ ወዲያው ግን አንዱ ይበቃናል የሚል ትርጉም ያለው ቃል ይጨምራል። በዚች ጭማሪ ተመልካች እስከ ዛሬ ይከራከራል። አንዳንዱ ጣቢያው የአሜሪካን አማኝ እንዳያስቀይም የተለጠፈች ናት ይላል፣ ሌላው የታሪኩ ልብ ናት ይላል። እኔ ለመለጠፏ አደላለሁ። ክፍሉን ትልቅ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፦ አፖሎ ተሸንፎ በነፋስ ሲበተን ከርክ አይፎክርም፣ ጥቂት ቅጠል ብናቀርብለት ምን ነበረበት ዓይነት ጸጸት ይይዘዋል። የማያምን ደራሲ ለሚሞት አምላክ አዝኗል። አማኙም የማያምነውም ያን መጨረሻ ይወደዋል።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እኛ ዘንድ ሃይማኖትና መንግሥት ተጋጭተው ነበር። ደርግ በ1968 አቡነ ቴዎፍሎስን ከፓትርያርክነት አወረደ፤ በ1969 «የወንጌል ድምፅ»ን ወረሰ፤ በ1971 ደግሞ አቡኑም የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። በዚያው በ1971 መስከረም 7 አሜሪካ ውስጥ ፍጹም ተቃራኒ መንገድ የሄደ የጠፈር ድራማ ተጀመረ፦ «ባትልስታር ጋላክቲካ»። ደራሲው ግሌን ላርሰን የሞርሞን እምነት ተከታይ ነበር፤ ከሃይማኖቱም ብዙ ነገር አምጥቶ ታሪኩ ውስጥ ከተተ። ዐሥራ ሁለት ነገዶች አሉ፣ የጠፋችውን ዐሥራ ሦስተኛ ይፈልጋሉ፤ የጥንት አገራቸው ኮቦል ስትባል ስሟ እንኳ ሞርሞኖች ከሚጠሯት ከኮሎብ የተቀዳ ይመስላል። ድራማው ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ያኔ የነቀፈው ሁሉ የነቀፈው «ስታር ዋርስ»ን ቀዳ ብሎ ነው፤ ስለ ሃይማኖቱ የጮኸ ብዙ አልነበረም።

ቴሌቪዥናችን በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ሰሞን፣ በ1977፣ ባለ ቀለም ሆነ። የሄርማታ ወጣት ግን ዓለምን ያየው በይበልጥ በቪዲዮ ቤት ነው። የቆርቆሮ ቤት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፤ ደጅ ላይ የፊልሙ ርዕስ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ። ርዕሱ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ፈጠራ ነው። እዚያ ንጉሡ የህንድ ፊልም ነበር። «አማር አክባር አንቶኒ»ን ያየ ያስታውሰዋል፦ ሦስት ወንድማማቾች በልጅነታቸው ተበታትነው አንዱ በሂንዱ፣ አንዱ በሙስሊም፣ አንዱ በክርስቲያን ቤት ያድጋሉ። ዓይነ ስውር የሆነችው እናታቸው በአንድ ቅዱስ ሰው ሐውልት ፊት ዓይኗ ይበራል። እኔ ባየሁበት ቀን ቤቱ ውስጥ ዒድ የሚያከብርም ገና የሚያከብርም ነበር፤ ለማያውቁት ሃይማኖት ተአምር ሁሉም አጨበጨበ። «ይሄማ ውሸት ነው» ያለ አልነበረም። እናትየዋ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልቅሳለታለቻ!

በዚያ ዘመን፣ በታኅሣሥ 1985፣ የ«ስታር ትሬክ» ሦስተኛ ልጅ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ተጀመረ፤ ሮደንቤሪ ከሞተ በኋላ የወጣ ነው። አዲሶቹ ደራሲዎች እሱ በሕይወት ቢኖር ይፈቅደው የማይመስለኝን ነገር አደረጉ፦ ሃይማኖተኛ ሕዝብ የታሪኩ መሐል ላይ አስቀመጡ። ባጆራውያን ከረጅም ወረራ ነጻ የወጡ ሕዝብ ናቸው፤ «ነቢያት» የሚሏቸው አካላት በጠፈር ውስጥ ባለ መሹለኪያ ይኖራሉ። ለጠፈር ጣቢያው ሠራተኞች እነዚያ ጊዜ የማይገዛቸው እንግዳ ፍጡራን ናቸው፤ ለባጆራውያን አማልክት ናቸው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቦታ ነው። ጣጣው ደግሞ አማኞቹ የነቢያት መልእክተኛ ብለው የተቀበሉት ሰው ራሱ የጣቢያው አዛዥ፣ ከምድር የመጣው ሲስኮ መሆኑ ነው።

በሰኔ 1985 የተላለፈው የመጀመሪያው ምዕራፍ መዝጊያ ይህን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስገባው፤ ክፍል ያልኩት የትምህርት ቤት ክፍል ነው። መምህርት ኬኮ ልጆቹን ስለ መሹለኪያው እንደ ፊዚክስ ታስተምራለች። ቬዴክ ዊን የምትባል የሃይማኖት መሪ ትገባና ይህ ቅዱስ መቅደስ ነው፣ እንደዚያ ብለሽ አስተምሪ ትላለች። ኬኮ እምቢ አለች፤ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ፤ ትምህርት ቤቱ በፈንጂ ጋየ። ሲስኮ ልጁ በሰዎቹ እምነት ሲሳለቅ ሲሰማ አይስቅም፣ ይገሥጸዋል፤ በአምሳ ዓመት ወረራ ውስጥ ተስፋ የሆናቸው እምነታቸው እንደነበረ ይነግረዋል። ተመልካቹ እዚህ ላይ በእውነት ተከፈለ። ሮደንቤሪ የሳለው ዓለም ተከዳ ያለ አለ። ሃይማኖተኛዋን ተንኮለኛ በማድረግ አማኝን ሰደቡ ያለም አለ። ሁለቱም ወገን ያልካደው፣ ሉዊዝ ፍሌቸር የተጫወተቻት ዊን ከተከታታዩ ስትወጣ ሰው ሆና መውጣቷን ነው፤ ሥልጣን ትወዳለች፣ ግን ነቢያቱ አንድም ቀን ስላላናገሯት ውስጧ ይነዳል።

«ባቢሎን 5» በዓመቱ ተከተለ። ፈጣሪው ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ በአምላክ አያምንም፤ በየካቲት 1986 የወጣው አንድ ክፍሉ ግን የሄርማታን ሰው ፈገግ ያሰኛል። በጠፈር ጣቢያው ያሉ ፍጡራን እያንዳንዳቸው የዓለማቸውን ዋና ሃይማኖት እንዲያሳዩ ተጋብዘዋል። የሰው ልጅ ተራ ሲደርስ አዛዡ እንግዶቹን ወደ አንድ ረጅም ሰልፍ ይወስዳቸዋል፦ ይሄ አምላክ የለሽ ነው፣ ይሄ ካቶሊክ፣ ይሄ ሙስሊም፣ ይሄ ቡድሂስት... ሰልፉ አያልቅም፣ ክፍሉ ያልቃል። ሐሙስ ገበያ ላይ ያንን ሰልፍ ለማሰለፍ ብዙ አይደክሙም።

በ1990ዎቹ ዲሽ በየጣሪያው ወጣ። ኤምቢሲ ቱ የሆሊውድ ፊልም ሌት ተቀን ያወርድ ጀመር፤ ከሥር ዐረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል። መድረሳ የተማረው የጅማ ልጅ ፊደሉን ያነባል፣ ትርጉሙን ግን አንድ አራተኛውን ቢይዝ ነው፤ እንግሊዝኛውን የሚሰማው ሌላው አንድ አራተኛ ይጨምርለታል፤ የቀረውን ቡና እየጠጡ ይገምቱታል። ብዙ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ከግምቱ ነው።

ከ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ደራሲዎች አንዱ ሮናልድ ሙር በኅዳር 1996 አሮጌውን «ባትልስታር ጋላክቲካ» እንደ አዲስ ሠራው። አንድ ብልጠት አለው፦ ሰዎቹ ብዙ አማልክት ያመልካሉ፣ ሊያጠፏቸው የሚያሳድዷቸው ሰው ሠራሽ ሳይሎኖች ደግሞ በአንድ አምላክ ያምናሉ። አሜሪካዊው ክርስቲያን ተመልካች ሃይማኖቱን ጠላቱ አፍ ውስጥ አገኘው። ድራማው ክብደት ስላገኘ መጋቢት 8 ቀን 2001 በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ውይይት ተደረገበት፤ ዉፒ ጎልድበርግ መራችው፤ ከርዕሶቹ አንዱ በእምነቶች መካከል ስለሚደረግ እርቅ ነበር። ለጠፈር ድራማ ይህ ቀላል ክብር አይደለም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 11፣ የመጨረሻው ክፍል ታየ፤ ተመልካቹም ተናጨ። መርከቦቹ ምድር ይደርሳሉ። ለዓመታት በጥርጥር ያቆዩን ራእዮች መላእክት መሆናቸው ተነገረ። ሞታ የተመለሰችው አብራሪዋ ካራ ሜዳ ላይ ቆማ እያወራች ዘወር ሲሉ የለችም፤ ምን እንደነበረች አንድም ማብራሪያ የለ። አንዱ ወገን «እግዚአብሔር አደረገው» ማለት ደራሲ ሲጨንቀው የሚወጣበት ቀዳዳ ነው አለ፤ ልብ ወለድ ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ከነቃፊዎቹ መሐል ነበር። ሌላው ወገን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ስለ አምላክ ሲነገራችሁ አልሰማችሁም ወይ ብሎ መለሰ። አማኞቹስ ተደሰቱ? እነሱም በሙሉ አልተደሰቱም፤ በመጨረሻው ትዕይንት ከመላእክቱ አንዱ ያ ኃይል አምላክ ተብሎ መጠራት እንደማይወድ ይናገራል። ከማን ጋር እንደቆመ የማይታወቅ ፍጻሜ ነው።

እዚህ ላይ አስተያየቴን ልናገር። እኛ በተአምር የሚያልቅ ታሪክ እንግዳችን አይደለም። በላዔ ሰብእ ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ በመጨረሻ በአንዲት እፍኝ ውኃ ዳነ፤ የሙስሊሙም ቤት ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውኃ ቀድታ አጠጥታ ስለተማረችው አመንዝራ ያወራል። ሁለቱም ላይ ምሕረቱ ከላይ ነው የመጣው፣ ግን ውኃው ቀድሞ ፈስሷል። በላዔ ሰብእ ውኃውን ለለምጻሙ ሲሰጥ አይተነዋል፤ ሴትዮዋ በጫማዋ ስትቀዳ አይተናታል። የካራ መጥፋት የሚጎድለው ይህ ነው። የሚያጣላው መላእክቱ መኖራቸው አይመስለኝም፤ ሰዎቹ ከፍለውበት አለመምጣታቸው ነው። ስለዚህ ከነቃፊዎቹ ጋር ነኝ፣ በእነሱ ምክንያት ግን አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ያ ፍጻሜ የሚያርፈው ምሥራቅ አፍሪካ ላይ፣ ከ150,000 ዓመት በፊት ነው፤ የዛሬው የሰው ዘር ሁሉ እናት የምትሆነውን ወጣት ሴት አጥንት ታንዛኒያ ላይ ያስገኙታል። እዚያ ሲደርሱም ቀድሞ የሚኖር ሰው ያገኛሉ። ይህችን እንኳ አልተሳሳቱም፤ የጅማን ምድር አካልሎ የሚወርደው ጊቤ ኦሞ በሚባልበት በታችኛው ሸለቆ፣ ኪቢሽ ላይ የተገኙት የሰው አጥንቶች በ1997 195,000 ዓመት ተብለው ነበር፤ በ2014 ደግሞ ከ230,000 በላይ ሆኑ።

ሙግቱ ሁልጊዜ በቡና ስኒ ላይ ቀርቶ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ2003 የካቲት መጨረሻ ጅማ ዞን አሰንዳቦና አካባቢው በተነሣ ግጭት በርካታ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። በዚያ ሰሞን ጅማ ላይ በፊልም ውስጥ ስለሚቃጠል ትምህርት ቤት መቀለድ አይታሰብም ነበር። የኬኮ ታሪክ ለአሜሪካ ተመልካች ምሳሌ ነው፤ እዚህ ጎረቤት ነው።

በጥር 2007 ሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ላይ «ክረምስ» የተባለ ፊልም ታየ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ተዋናዮቹ እነ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ቦታውም ዳሎልን የመሰለ ማንም የጠፈር ዓለም ነው ብሎ ሊያምነው የሚችል የራሳችን ምድር። የሰው ልጅ ሥልጣኔ ፈርሶ አልቋል፤ ሰማይ ላይ ለዘመናት ሥራ የፈታ መርከብ ተንጠልጥሏል። የተረፉት ሰዎች ከእኛ ዘመን የቀሩ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችን እንደ ቅዱስ ዕቃ ይይዛሉ፤ ሴትዮዋ በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ትጸልያለች። ይህን አይቶ የሚስቅ አለ፣ የሚከፋው አለ። ጸሎቱ የእኛን የጸሎት ዜማ ይዞ ሲመጣ ቀልዱ በማን ላይ እንደሆነ ለመለየት ይከብዳል። እኔ ሳየው ቀልዱ በእምነት ላይ አልመሰለኝም፤ የሴትዮዋ ፊት አይቀልድም። ፊልሙ ስልሳ ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስለ አምልኮ ግን ከብዙ ረጅም ተከታታይ ይበልጥ ይናገራል።

በ2008 ካና ቴሌቪዥን ሲጀመር የቱርክና የሌላ አገር ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ገባ፤ የዐረብኛውን ጽሑፍ የመገመት ዘመንም አበቃ። የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ማኅበራት ሥራ ይነጥቃል፣ ባህል ይበርዛል ብለው ተቃወሙ። በየቤቱ ደግሞ እናት ታያለች፣ አባት ያጉረመርማል፣ ልጅ የሁለቱንም ይሰማል። የሃይማኖት ጣቢያዎችም በዚያው ዲሽ ላይ ከካና ጎን ተሰለፉ፤ አንድ ሪሞት ሁሉንም ይደርሳል። የባህል መበረዝ ክርክር በሩ ላይ ያለ ክርክር ነው፤ መቶ ዓመት ሙሉ እዚያው በር ላይ ቆመናል። ድራማው ራሱ ጥሩ ነው ወይ፣ ሼኩና ቄሱ ውስጡ እንደ ሰው ተሥለዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ግን በሄርማታም በአዲስ አበባም ሞልቷል። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የጠፈር ድራማ ልትጽፉ የምታስቡ ሁሉ፣ ለዚያ ተመልካች ጻፉለት። ተአምሩን አይጠላባችሁም፤ ሰዎቹ ምን እንደከፈሉበት ግን ይጠይቃችኋል።